ለጠበኛ ዓሣ ጎረቤት መምረጥ

የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ጎራ ስላላችሁ፣ ከቀን ሥራ የወጣችሁም ድካማችሁን ችላችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

ስፕሪንግ ቫሊ ውስጥ በአማርኛ ስብሰባ ሲጠራ ጉዳዩ የታወቀ ነው፤ የቤት ብድር፣ የንግድ ፈቃድ፣ የልጆች ትምህርት፣ የዕድር መዋጮ። ክላርክ ካውንቲ ሰፈራችንን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው ወዲህ ደግሞ ስብሰባው በዝቷል። የዛሬው ግን ስለ ዓሣ ነው። ስለሚበላውም አይደለም። ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ፣ መብራት በርቶለት፣ ባለቤቱ ሶፋ ላይ ሆኖ ሲያየው እርስ በርሱ ስለሚናከሰው የአፍሪካ ሲክሊድ ነው የማወራው።

ትልቅ አኳሪየም ሊያስገባ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ከነዚህ ውስጥ የማይጣላው የቱ ነው?» ብሎ ነው። የለም። አንዱ ይብሳል፣ አንዱ ይሻላል እንጂ ሁሉም ይጣላል። መጠየቅ ያለበት «ሲጣሉ ዱላው ማን ላይ ያርፋል? የተመታውስ ወዴት ይሸሻል?» ተብሎ ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የወጣ ነው። ነገሬን ወደ ፖለቲካችን ወስዶ ሊፈታው የሚቸኩል ወንድም ካለ እስከ ቡናው ይታገሠኝ፤ እኔ የምናገረው የምር ስለ ዓሣ ነው።

ሲክሊድ ለእኛ ባዕድ ቤተሰብ አይደለም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ወርዶ፣ ወይም ዝዋይ ዳር ተቀምጦ ቆሮሶ በዳጣ ያጣጣመ ሰው የበላው ሲክሊድ ነው። የጣናው ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንና በአዋሽ ያለው ሌላ ንዑስ ዝርያ ነው፤ በአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውሃዎች የሚኖረውም ሌላ። እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የአፋሩ ነው። አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ፣ ጨው የሚመረትበት ውሃ ነው። ፍል ውሃ በሚገባበት ዳርቻው ላይ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባል ትንሽ ሲክሊድ ይኖራል፤ ከዚያ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። እዚህ ኔቫዳም የሱ ቢጤ በረኸኛ አለን። ከላስ ቬጋስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ዴቭልስ ሆል በሚባል የዓለት ስንጥቅ ውስጥ፣ 33 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ የሚኖር፣ ሲያድግ እንኳ የሰው አውራ ጣት የማያክል ፐፕፊሽ የሚሉት ዓሣ አለ። ለእርሱ ሲባል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ እንዳይመጠጥ ገደብ የጣለውን ብይን አጽንቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲቆጠር 35 ብቻ ቀርቶ ነበር። ፐፕፊሽ ሲክሊድ አይደለም፤ ያነሣሁት በረሃና ዓሣ አብረው አይሄዱም ለሚል ሰው መልስ እንዲሆነኝ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የማላዊ ሐይቅ ከ800 የማያንስ የሲክሊድ ዝርያ እንዳለው ሲነገር «ታዲያ የእኛ ሐይቆች ምነው ቆሮሶ ብቻ ያዙ?» የሚል አይጠፋም። አንዱ ምክንያት ጥልቀት ነው። ማላዊ 700 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፣ ታንጋኒካ 1,470። ዝዋይ ከ9 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ሐዋሳም ከ22። ሻላ 260 ሜትር ያልፋል፣ ግን ውሃው ሶዳ ነው። ሐይቆቻችን ዝናብ ሲበዛ ይገናኛሉ፣ ሲጠፋ ይለያያሉ፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ሐይቅ ነበሩ። ይህ ብቻውን ግን በቂ መልስ አይሆንም፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ የዛሬ 15,000 ዓመት ገደማ ደርቆ ነበር ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ ግን 500 ያህል ዝርያ አፍርቷል። ሁለተኛው ምክንያት የዘር ነው። በነማላዊና በነቪክቶሪያ ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈለው ሌላ የሲክሊድ ወገን ነው፤ ቆሮሶ በሄደበት ሁሉ ቆሮሶ ሆኖ የሚኖር ዓሣ ነው። ጣና ላይ ያን ሥራ የሠራው ጭራሽ ከሲክሊድ ያልሆነ፣ ከካርፕ ቤተሰብ የሆነ ዓሣ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ናይል ፐርች የሚባለውን አዳኝ ዓሣ ከታች ስላገደው አዳኝ የሌለበት ሐይቅ ተገኘ፤ ያ ዓሣም 15 ያህል ዝርያ ሆኖ ተከፋፈለ፣ ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ ራሳቸው ዓሣ አዳኝ ሆኑ። ይህ ራሱን የቻለ ዲስኩር የሚወጣው ነው።

አሁን ጠቡ ከየት መጣ? በማላዊ ሐይቅ ዳር ዳር፣ ቤት የሚያክሉ ዓለቶች ውሃ ውስጥ ተቆልለው አሉ። ዓለቱ አረንጓዴ አልጌ ለብሷል። አልጌውን እየፋቀ የሚኖረው ዓሣ ምቡና ይባላል፤ ሱቅ ስትገቡ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ ሆኖ ዓይናችሁን የሚይዘው እሱ ነው። ወንዱ አንድ ዋሻ፣ አንድ የድንጋይ ስንጥቅ ይይዛል። የያዘውም ሴት መጥታ እንቁላል እንድትጥልለት ነው። ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። ወንዱ ከኋላው ባለው የሆድ ሥር ክንፍ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉት፤ እሷ የቀረ እንቁላል መስሏት ልትለቅም ስትጠጋ ዘሩን ትቀበላለች። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል አፏን ዘግታ፣ ምንም ሳትበላ ትቆያለች። ወንዱ በልጅ ማሳደግ በኩል አንዳች ድርሻ የለውም። ቀኑን ሙሉ ሥራው በር መጠበቅ፣ መድመቅና ሌላውን ወንድ ማባረር ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሴቷ ወንዱን ከምትመርጥባቸው ነገሮች አንዱ ቀለሙ ነው፤ ወንዱም ባላንጣውን በቀለሙ ይለያል። ስለዚህ እሱን የሚመስል ዓሣ ሁሉ፣ ዝርያው ሌላ ቢሆንም እንኳ፣ ሚስቱን ሊቀማ የመጣ ነው የሚመስለው። ሐይቁ ውስጥ ይህ ጣጣ የለውም። የተሸነፈው ሁለት ሦስት ሜትር ይሸሻል፣ ከድንበሩ ወጣ ማለት ነው፣ አሸናፊው ይመለሳል። የመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን ሁለት ሜትር ሸሽቶ የሚደርስበት ሁሉ ያው የአሳዳጁ ግዛት ነው። ዓሣውን የሚገድለው የንክሻው ቁስል ብቻ አይደለም። ሳይበላ፣ ሳያርፍ፣ ማዕዘን ላይ ተለጥፎ ሲኖር በጭንቀት ያልቃል።

የኖቤል ተሸላሚው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ጠብ ባሳተመው መጽሐፍ የሲክሊድን ነገር አንሥቷል። አንድ ባልና ሚስት ሲክሊድ ከጎረቤት ተለይተው ብቻቸውን ሲቀመጡ፣ ወንዱ የሚያባርረው ጎረቤት ሲያጣ በሚስቱ ላይ ይነሣል ይላል። ለጀማሪ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ነው፤ «ጠበኛ ከሆነ ብቻውን ላድርገው» ብሎ ሁለት ዓሣ ብቻ ያስገባል፣ በሳምንቱ አንዱን ሞቶ ያገኘዋል። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ በታንጋኒካ አካባቢ የሚገኝ አንድ ሲክሊድ ሌሎች ሲጣሉ በመስታወት በኩል ቆሞ ያያል፣ ማን ማንን እንዳሸነፈ ይይዛል፣ ከዚያ ተጣልተው ያላያቸውን ሁለት ዓሣዎች እንኳ የትኛው እንደሚበልጥ ይገምታል። ሀ ለን ካሸነፈ፣ ለ ሐን ካሸነፈ፣ ሀ ከሐ ይበልጣል ማለት ነው። አኳሪየማችሁ ውስጥ አንድ ዓሣ ሲሸነፍ የሚያየው አሸናፊው ብቻ አይደለም፤ የቀሩትም አይተው ደረጃውን መዝግበውበታል። የተሸነፈውን ሁሉም ተራ በተራ የሚመታው በዚህ ነው።

እንግዲህ ሣጥኑ። ቁመት አታሳድዱ፤ ርዝመት ነው የሚያስፈልገው። 125 ጋሎን የሚባለው 183 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 46 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ለዚህ ሥራ እኔ መነሻ የማደርገው እሱን ነው። 55 ጋሎን ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፣ ይቻላልም፣ ግን ስፋቱ 33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዓሣው ሲባረር መታጠፊያ ያጣል። 125 ጋሎን ውሃው ብቻ 473 ኪሎ ነው፤ ከመስታወቱ፣ ከድንጋዩና ከአሸዋው ጋር ወደ 700 ይጠጋል። የሸለቆው ቤቶች አብዛኞቹ በኮንክሪት ወለል ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ምድር ቤት ያለ ሰው አይጨነቅም። ሁለተኛ ፎቅ አፓርታማ የተከራያችሁ ግን አከራዩን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ ውሃ ቢያፈስ ከታች ያለው ጎረቤት የሚመጣው በጠበቃ ነው። ይህች ከተማ የአኳሪየም ሥራ የቴሌቪዥን ትርዒት የሆነባት ከተማ ናት። «ታንክድ» የሚባለው ተከታታይ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2018 የታየው እዚሁ ላስ ቬጋስ ያለ የአኳሪየም ፋብሪካን ተከትሎ ነው። ፕሮግራሙን አይታችሁ ከሆነ እርሱት። እዚያ ውስጥ ዓሣ የሚመረጠው ለዓይን ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ማን ተርፎ እንደቀረ ካሜራው ተመልሶ አያሳይም።

ድንጋዩን በተመለከተ፣ ከቤታችን ወደ ምዕራብ ሬድ ሮክ ቀይ ድንጋዩን ዘርግቶ ይታያል፣ ያምራልም፤ ግን ከዚያ ድንጋይ ማንሣት ክልክል ነው። የግቢ ማስዋቢያ ድንጋይ የሚሸጡ ቦታዎች ሞልተዋል፤ በኪሎ ትገዛላችሁ። ድንጋዩን አስቀድማችሁ ከሥር በመስታወቱ ወለል ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋውን ከዚያ በኋላ አፍስሱ። እነዚህ ዓሣዎች ይቆፍራሉ፤ አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ከሥሩ ሲቦረቦር ይናዳል፣ ሌሊት ሲናድ መስታወት ይሰብራል። ክምሩም አንድ ትልቅ ግንብ አይሁን። አንድ ግንብ አንድ ጌታ ነው የሚያወጣው። ሦስት አራት የተለያየ ክምር ሲሆን፣ በመካከሉም ዓይን የሚከልል ነገር ሲኖር፣ አንዱ ወንድ ከሌላው በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ማየት አይችልም።

ውሃውን በተመለከተ ዕድለኞች ነን። የምንጠጣው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ በሌክ ሜድ በኩል የሚመጣ ነው፤ በሃ ድንጋይ አቋርጦ ስለሚመጣ ካልሲየሙ የበዛ ነው። ሻይ ያፈላችሁበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ብታዩ በሁለት ሳምንት ነጭ ቅርፊት ይለብሳል። ጥንካሬው በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በአንድ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም የሚያልፍ ውሃ «እጅግ ጠንካራ» ተብሎ ይመደባል፤ የእኛ ከዚያ ብዙ ያልፋል። ሰው በዚህ ውሃ ያማርራል፣ ፀጉሩ ይደርቃል፣ የሻወሩ በር ይበላሻል። ለማላዊ ዓሣ ግን ይስማማዋል፤ የሐይቁ ፒኤች ከ7.7 እስከ 8.6 ነው፣ የቧንቧችንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «የአፍሪካ ሐይቅ ጨው» ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት እዚህ ከተማ ውስጥ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ክሎሪኑን የሚያጠፋው ጠብታ ግን የግድ ነው፤ እሱን አትርሱ። ቤታችሁ ውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ካለው ደግሞ ከውስጥ ቧንቧ አትቅዱ፤ መሣሪያው ካልሲየሙን አውጥቶ ሶዲየም ነው የሚተካው። የውጭው የአትክልት ቧንቧ ብዙ ጊዜ በመሣሪያው አያልፍም። በሐምሌ ግን ከጎማው መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ እስኪቀዘቅዝ አፍስሱት፣ በእጃችሁ ሳይሆን በቴርሞሜትር ለኩት።

ስለ ሐምሌ ካነሣሁ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2024 እዚህ ከተማ 120 ፋራናይት፣ ማለትም 48.9 ሴልሺየስ ገብቶ እስከዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ በልጧል። በእንዲህ ያለ ቀን መብራት ቢጠፋ ኤርኮንዲሽኑ ይቆማል፣ ፊልተሩም ይቆማል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መሳቢያ ውስጥ ይኑራችሁ። ሌላው የበረሃ ጣጣ ትነቱ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ አኳሪየሙ ክዳን ከሌለው በሳምንት ውሃው ዓይናችሁ እያየ ይጎድላል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ማዕድኑና ቆሻሻው ይቀራል። እየጎደለ በሄደ ቁጥር ላዩ ላይ ብቻ የሚሞላ ሰው በዓመቱ ሐይቅ ሳይሆን የአፍዴራን ጨው ነው የሚያገኘው። ስለዚህ መሙላት ሌላ፣ መለወጥ ሌላ። በየሳምንቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይለወጥ። የወጣውንም የቤት ፍሳሽ ውስጥ ብትደፉት ኅሊናችሁ አይውቀሳችሁ፤ በዚህ ሸለቆ ቤት ውስጥ የተጠቀምንበት ውሃ ሁሉ ማለት ይቻላል ተጣርቶ በላስ ቬጋስ ዋሽ በኩል ወደ ሌክ ሜድ ይመለሳል። ዛፍ ሥር ካፈሰሳችሁት ዛፉ ይጠቀማል፣ ሐይቁ ግን አያገኘውም።

ፊልተሩ ከተገጠመ በኋላ ዓሣ ወዲያው አይገባም። የዓሣው ሽንትና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ላይ አጭር መንገድ የለም፣ ካለም ቀድሞ ከቆየ አኳሪየም የተወሰደ የፊልተር ስፖንጅ ነው። ብዙ ዓሣ በአንድ ጊዜ ልናስገባ ስለሆነ ፊልተሩ ደካማ ሊሆን አይገባም፤ በሰዓት የአኳሪየሙን ውሃ ስምንት ዐሥር ጊዜ ያህል የሚያዞር ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን፤ ማን ከማን ጋር ይግባ?

መጀመሪያ የማትገዙትን ልንገራችሁ። ሜላኖክሮሚስ ኦራተስ የሚባል ዓሣ አለ። ትንሽ ሳለ ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ጥቁርና ነጭ መስመር አለው፤ ከሱቁ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው፣ ርካሽም ነው፣ ልጆች የሚጠቁሙት እሱን ነው። ሲያድግ ከ11 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጌታ የሆነው ወንድ ግን ቢጫውን ያወልቃል፤ ሆዱ ይጠቁራል፣ መስመሩ ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ከእሱ ሁለት እጥፍ የሚሆን ዓሣ ሳይቀር ከጠረፍ ጠረፍ ያሳድዳል። ሴቶቹም አይተናነሱም። ኬኒ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ወንዱ ቢጫ፣ ሴቷ ሰማያዊ፣ ሁለቱም ነገረኛ። እነዚህን ከለዘብተኛ ዓሣ ጋር ማዋል በለዘብተኛው ላይ መፍረድ ነው። «ተጠንቅቄ እይዛቸዋለሁ» የሚል ሰው ካለ ከነሱ ቢጤ ጋር ብቻ ለብቻ ያኑራቸው።

ለ125 ጋሎን እኔ የምመክረው አራት ወይም አምስት ዝርያ ነው፤ ከያንዳንዱ አንድ ወንድና አራት አምስት ሴት፣ ሲደመር 25 ገደማ። ቢጫው ላቢዶክሮሚስ አንዱ ይሁን፤ ከምቡና ሁሉ ጨዋ የሚባለው እሱ ነው። ዝገት የመሰለው አዮዶትሮፌስ ሁለተኛው፣ ቀዩ ዜብራ ሦስተኛው፣ ሰማያዊና ጥቁር መስመር ያለው ሳይኖቲላፒያ አራተኛው። እዩ፤ አንዱ ቢጫ ነው፣ አንዱ ወይን ጠጅ ወደ ቡናማ ያደላል፣ አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ሰማያዊ። ሆን ብዬ ነው የማላመሳስላቸው። ቢጫ ላይ ሌላ ቢጫ፣ መስመር ላይ ሌላ መስመር ስትጨምሩ ጠብ ገዝታችሁ ገባችሁ ማለት ነው። ቁጥሩ በዛ ብላችሁ አትደንግጡ። ለወርቃማ ዓሣ ወይም ለጉፒ ቢሆን በዛ ይባል ነበር። እዚህ ግን ብዛቱ መድኃኒት ነው፤ አሳዳጁ አንዱን ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላው በዓይኑ ሥር ያልፋል፣ ያንን ሲከተል ሦስተኛው ይመጣል፣ ቁጣው ይበተናል። ሰባት ዓሣ ካለ ቁጣው አንዱ ላይ ያርፋል። የብዛቱ ዕዳ ግን በፊልተርና በውሃ ለውጥ የሚከፈል ነው፤ እሱን የማይከፍል ሰው ብዛቱንም አይሞክር።

ዴማሶኒ የሚባለው ጥቁርና ሰማያዊ ጭረት ያለው ትንሽ ዓሣ የዚህ ሁሉ ማስረጃ ነው። የገዛ ዘሩን እንጂ ሌላውን ብዙ አይነካም። አራት ብትይዙ አንድ ይቀራል። 12 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ይኖራሉ።

ትንንሾቹን ስትገዙ ወንድና ሴቱ አይለይም። ስለዚህ ከያንዳንዱ ዝርያ ስምንት ዐሥር ግዙ፤ ሲያድጉ ትርፍ ወንዶቹ በቀለማቸው ይታወቃሉ፣ ያኔ ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ወይም በተቀራረበ ጊዜ፣ በተመሳሳይ መጠን ይግቡ። ቀድሞ የገባ ቤቱን ይይዛል፤ ዘግይቶ የመጣው ወራሪ ነው። የግድ መጨመር ካለ ደረቅ ጠባይ ያለው በመጨረሻ ይግባ፣ በዚያ ቀን ድንጋዩ ሁሉ ቦታው ይለዋወጥ፣ መብራቱም ይጥፋ። ድንበሩ ሲፈርስ ነባሩም እንደ አዲስ ገቢ ይሆናል፣ እንግዳውን ለማባረር ያለው ልብ ለራሱ ዋሻ ፍለጋ ይውላል። መብራቱን በተመለከተ፣ በካዚኖ ሌሊት የምትሠሩ ሰዎች ንጋት ላይ ስትገቡ ታበሩታላችሁ፣ ማታ ስትወጡ ትረሱታላችሁ። ለዚህ በሰዓት የሚበራና የሚጠፋ ሶኬት ግዙ፤ በቀን ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ይበቃል። ዓሣም መተኛት አለበት፣ ሳይተኛ ያደረ ዓሣ እንደ ማናችንም ይነጫነጫል።

ከሁሉ በላይ መያዝ ያለበት ልማድ ግን ቆሞ ማየት ነው። ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ከፊልተሩ ቱቦ ጀርባ፣ ከላይ ከውሃው ወለል ሥር፣ ጭራውን ሰብስቦ የቆመ አለ? የጭራ ክንፉ ዳር ተበጣጥሷል? ምግብ ሲወርድ ሁሉም ሲሯሯጥ እሱ ይቀራል? እንግዲያው የተፈረደበት እሱ ነው፤ ዛሬውኑ ይውጣ። ጉንጯ የተነፋ፣ አገጯ ወደ ታች የወረደ፣ ምግብ አፍንጫዋ ሥር ሲያልፍ የማትነካ ሴት ካያችሁ ደግሞ እሷ ታማሚ አይደለችም፤ እንቁላል ይዛለች። አንዳንዴ አፏን በቀስታ ስታላምጥ ትታያለች፤ እንቁላሎቹን እያገላበጠች ንጹሕ ውሃ እያሳለፈችባቸው ነው። እሷን ወደ ትንሽ ገንዳ ማዛወር ይቻላል፤ አያያዙ በመረብ እንጂ በእጅ አይሁን፣ ከደነገጠች ትተፋቸዋለች።

ምግቡ ቀላል ነው። ምቡና በአብዛኛው አልጌ በል ነው፣ አንጀቱ ረጅም ነው። ስፒሩሊና ያለበት ትንንሽ እንክብል ይበቃዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል። የከብት ልብ፣ የዶሮ ሥጋ የሚሰጥ አለ። ሥጋውም ጭንቀቱም ሲደራረብ ሆድ የሚነፋ በሽታ ያመጣል፤ ሆዱ ያበጠ፣ ነጭ ክር የመሰለ ዐይነ ምድር የሚጥል፣ ምግብ የተወ ዓሣ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። እንግዳ ሲመጣ «ይብላ እንጂ» ማለት ልማዳችን ነው፤ አኳሪየም ላይ ግን እንግዳው እንክብል እንዳይበትን እጁን ያዙ።

የመጨረሻው ጉዳይ የተረፈው ዓሣ ነው። በዚህ ዘዴ የሚይዝ ሰው ሁሉ በዓመቱ ትርፍ ወንዶች፣ የማይፈለግ ጫጩት፣ የሚያስቸግር አንድ ሁለት ጠበኛ ይኖረዋል። ወዴት ይሂዱ? ወደ ወንዝ አይደለም። በሌክ ሜድ መዝናኛ ክልል ውስጥ ሮጀርስ ስፕሪንግ የሚባል ሞቅ ያለ ምንጭ አለ፤ ሄዳችሁ ብታዩ ሰው ያፈሰሳቸው የአኳሪየም ዓሣዎች፣ ሲክሊድ ሳይቀር፣ ይዋኙበታል። ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሙዲ ወንዝ መነሻ ደግሞ ሞአፓ ዴስ የሚባል፣ ከዚያ ሞቃት ምንጭ በቀር የትም የማይኖር ትንሽ ዓሣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰማያዊ ቴላፒያ፣ የዓባይ ሰው የሆነው የቆሮሶ የቅርብ ዘመድ፣ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ዴሱን ሊጨርሰው ተቃርቦ ነበር። ባለሙያዎች ግድብ ሠርተው፣ ወንዙን በመድኃኒት አጽድተው ነው ያተረፉት። ኔቫዳ ቴላፒያን ከክልክል ዓሣዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባችው በከንቱ አይደለም፤ ቆሮሶም ቴላፒያ ነውና «የሐዋሳን ቆሮሶ ሳሎኔ ላኑር» የምትሉ ናፍቆተኞች ሐሳቡን ተዉት። ናይል ፐርችም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «ትርፉን ትቀበለኛለህ?» በሉት። ብዙ ሱቆች ይቀበላሉ፣ በምግብ ወይም በፊልተር ስፖንጅ የሚለውጡም አሉ። የማይቀበል ከሆነ ሌላ ሱቅ ሂዱ። እርስ በርሳችሁም ተለዋወጡ፤ የአንዱ ትርፍ ወንድ ለሌላው የጎደለው ሊሆን ይችላል፣ ይህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ብቻ እንኳ ይበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። ከኋላ ወንበር እጁን ያነሣው ወንድም ይጀምር፤ 40 ጋሎን ላይ ኦራተስ ከላቢዶክሮሚስ ጋር አስገብቻለሁ ልትለኝ ከሆነ ግን፣ ወንድሜ፣ መልሴን ሰምተኸዋል፤ ዛሬ ማታ ቤት እንደገባህ ኦራተሱን አውጣው።